«በጣም ያሳዝናል» ለሚል ክፍል፦ የረሃብና የኑሮ ውድነት ታሪክን በማሰላሰያ ጥያቄ ማስተማር

ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ አስተምራችሁ ትጨርሱና «ምን ተሰማችሁ? በአንድ አንቀጽ ጻፉ» ትላላችሁ። ወረቀቱን ስትሰበስቡ ሁሉም ላይ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ታገኛላችሁ፦ «በጣም ያሳዝናል። ዳግም እንዳይከሰት ተባብረን መሥራት አለብን።» ከመሀል አንዱ ላይ ደግሞ ልጁ ራሱ ትናንት ማታ ሳይበላ እንደተኛ ጽፎላችኋል፤ ወረቀቱን የሰበሰበው የክፍል አለቃም አንብቦታል። የመጀመሪያው መልስ ባዶ ነው፤ ሁለተኛው ልጁን ያጋልጠዋል። ሁለቱንም ያመጣው ያው ጥያቄ ነው። ተማሪ ስሜቱን ሲጠየቅ ወይ የሚጠበቅበትን ይናገራል፣ ወይ ገመናውን ያወጣል።

ስለዚህ ስሜቱን ትታችሁ ውሳኔውን ጠይቁ። በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ሰው እጁ ላይ ምን ነበረው? ምን ከለከለው? ምን መረጠ?

መመሪያው የተጻፈው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት ሰፈሮች ለሚያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህራን ነው። እዚህ አንድ ዴስክ ላይ የገበሬ ልጅ፣ ከመሀል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም የመጣ ልጅና ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ለአንዱ ታሪክ የሆነው ለሌላው የዚህ ሳምንት ጉዳይ ነው።

## ደረጃ 1፦ ከክፍል በፊት የሚዘጋጅ

1. ርዕሱን አጥብቡ። «የኢትዮጵያ ረሃቦች» ለማሰላሰል አይሆንም። አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ ሰው ምረጡ። የወሎን ረሃብ ከመረጣችሁ የ1965ቱን የደሴ ገበያ ያዙ፤ ሰባ ሰባትን ለሌላ ቀን ተዉት።

2. የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ። ይህን የሚዘል መምህር ክፍለ ጊዜውን እዚያው ያጣል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ 1984 ይላል፤ የልጁ አያት «ሰባ ሰባት» ይላሉ፤ ልጁ ሁለት የተለያዩ ረሃቦች ይመስሉታል። ሰሌዳው ጥግ ላይ ሁለት ዓምድ ሠርታችሁ ሁለቱንም ዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ እስከ መጨረሻው አታጥፉት።

3. የመረጃ ሰሌዳ አዘጋጁ። ከአምስት መስመር አይበልጥ። ቦታ፣ ዘመን፣ የችግሩ መነሻ፣ ሰውየው ያለው ሀብት፣ የሚከለክለው ሕግ ወይም ዋጋ። ለስድሳ ተማሪ ፎቶ ኮፒ ማንሳት አይቻልም፤ ጠመኔ ይበቃል። ከአምስት መስመር በላይ ከጻፋችሁ ልጆቹ ስትጠይቋቸውም መገልበጣቸውን አያቆሙም።

4. ሰዓቱን ምረጡ። የረሃብን ትምህርት ከምሳ በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ አታድርጉ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ምሳውን ዘሎ የሚውል ልጅ ብዙ ነው። ረመዳን ከሆነ የከሰዓት ፈረቃን ተዉት፤ ዐቢይ ጾም ላይም ቅዳሴ ሳይወጣ የማይቀምስ ልጅ እንዳለ አስቡ።

5. ሩብ ወረቀት ቁረጡ። ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ከእጅ እጅ ይዞራል። በስም ፋንታ የስም መጥሪያ ቁጥር ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ። የተራቡ ሕፃናትን ፎቶ አታሳዩ። ልጆቹን ረሃብተኛ አስመስላችሁ ድራማ አታሠሩ። «ዛሬ ምሳ ሳትበሉ ዋሉና ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ የሚሰጡ አሉ፤ ምሳ ያለው ልጅ ጨዋታ ያደርገዋል፣ የሌለው ያፍርበታል። ሥዕል ካስፈለጋችሁ የገበያ፣ የእህል ጭነት ወይም የሱቅ ሰልፍ ፎቶ ፈልጉ።

## ደረጃ 2፦ ጥያቄውን መጻፍ

አብዛኛው ሥራ እዚህ ነው። ጥያቄው አራት ነገር ይያዝ፦ ሰውየው ማን ነው፣ በእጁ ምን አለ፣ ምን ተዘጋበት፣ ምን ምን ምርጫ ቀረው። አንዱ ከጎደለ ተማሪው ወደ «ያሳዝናል» ይመለሳል። ቢያንስ ሁለቱ ምርጫዎች ደግሞ የሚያስከፍሉ ይሁኑ፤ አንዱ ግልጽ ትክክል ከሆነ የሚያሰላስል አይኖርም።

በአማርኛ ጻፉት። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ተማሪው የሚያስበው በእንግሊዝኛ አይደለም። መልሱን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ፍቀዱለት። አፋን ኦሮሞ የማታነቡ ከሆነ ባልደረባችሁን አስነብቡ፤ ለተማሪ «ተርጉም» ብላችሁ አትስጡ።

ሠርተው የሚታዩ ሦስት ጥያቄዎች እነሆ፤ እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ።

### ሀ. ክፉ ቀን (ከ1881 እስከ 1884 ገደማ)

በሰሌዳው ላይ፦ በምፅዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባ ነው የሚባለው የከብት ወረርሽኝ፣ ደስታ በሽታ፣ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ አለቀ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከተሉ።

ጥያቄ፦ «የሸዋ ገበሬ ነህ። ጎተራህ ውስጥ ለዘር ያስቀመጥከው እህል አለ። ሁለቱም በሬዎችህ ሞተዋል። ዝናብ መጥቷል። (1) ዘሩን ከቤተሰብህ ጋር ትበላለህ፤ (2) በዶማ ቆፍረህ የቻልከውን ያህል ትዘራለህ፤ (3) ቤትህን ዘግተህ ትሰደዳለህ። አንዱን ምረጥ። በመጪው ዓመት ምን እንደምታጣ ጻፍ።»

ጥያቄው የሚሠራው ብዙ ተማሪ ረሃብ ማለት ዝናብ አለመዝነብ ብቻ ስለሚመስለው ነው። ዝናብም ዘርም እያለ በበሬ ማጣት ማሳ ጦም ሊያድር እንደሚችል ራሱ ይደርስበታል። የገበሬ ልጆች እዚህ ላይ ከማንም ይቀድማሉ፤ በዶማ በቀን ምን ያህል መሬት እንደሚቆፈር ያውቃሉና እነሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከተጻፈ በኋላ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሹማምንቱ አርአያ እንደሆኑ የሚተረከውን ንገሯቸው። አስቀድማችሁ ከነገራችሁ ሁሉም ቁጥር 2ን ይመርጣል።

### ለ. የደሴ መንገድ (1965)

በሰሌዳው ላይ፦ በወሎ ሰብል ከሽፏል። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው የደሴ ገበያ ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር።

ጥያቄ፦ «የደሴ እህል ነጋዴ ነህ። መጋዘንህ ውስጥ ጤፍ አለ። ከገጠር የመጡ ሰዎች በርህ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገንዘብ ግን የላቸውም። አዲስ አበባ ገዢ አለ። ጤፉን የት ትልካለህ? መንግሥት ምን ቢያደርግ ኖሮ ምርጫህ ይለወጥ ነበር?»

ሁለተኛውን ክፍል አትቁረጡ። እሱ ከሌለ ክፍሉ «ነጋዴው ክፉ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ማየት ያለባቸው እህል ገንዘብ ወዳለበት እንደሚሄድ፣ ሰብሉ የከሸፈበት ገበሬም መግዣ እንዳጣ ነው። ረሃቡ ለሕዝብ ሳይነገር ተሸፋፍኖ መቆየቱን፣ በጥቅምት 1966 በውጭ ቴሌቪዥን መታየቱን፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽትም ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀላቅሎ ማሳየቱን በመጨረሻ ንገሩ። ሰፊ ጊዜ ካላችሁ «ፊልሙን እንዲህ ያቀላቀለው ሰው ምን ፈልጎ ነው?» ብላችሁ ጨምሩ።

### ሐ. ኮታና ራሽን (እስከ የካቲት 1982)

ለከተማ ዳር ክፍል ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋልና። በደርግ ዘመን ገበሬው በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ኮታ ያስገባ ነበር። ኮታውን መሙላት ያቃተው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሰው የራሽን ካርዱን ይዞ በቀበሌ ሱቅ በር ላይ ይሰለፋል፤ ጤፉ ከገበያው ይረክሳል።

ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ፦ «የአድአ ገበሬ ነህ። ምርትህ ከኮታው ያነሰ ሆነ። ምን ታደርጋለህ? መጪው ዓመት የምትዘራውን መጠን ትቀንሳለህ ወይስ ትጨምራለህ?» ግማሹ፦ «ደሞዝህ ትንሽ የሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነህ። ኮታው ይቅር የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ትደግፋለህ?» ከዚያ ወረቀት ይለዋወጡ። የአንዱ ርካሽ እንጀራ ከማን ኪስ እንደወጣ ያን ጊዜ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ የገበሬ ልጆችን በገበሬው ወገን አታስቀምጡ። አገላብጡ፤ አለዚያ የቤታቸውን ጠበቃ ይሆናሉ።

### የውጭ አገር ምዕራፍ ላይ ከሆናችሁ

የ1929ኙን (እ.ኤ.አ.) የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ በአክሲዮን ገበያ አትጀምሩ። በወተት ጀምሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ገበሬዎች በዋጋ መውደቅ ተቆጥተው ወተታቸውን መንገድ ላይ ደፉ። በሱሉልታና በሰበታ አቅጣጫ ያሉ ልጆች በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ሲያጣ ያውቃሉና በፍጥነት ይገባቸዋል። (የአሜሪካ መንግሥት ዋጋ ለማስከበር ያስገደላቸው ስድስት ሚሊዮን ያህል አሳማዎችም አሉ። «አሳማ» ስትሉ ግን ክፍሉ በሳቅ ያልቃል፤ ወተቱ ይሻላል።)

## ደረጃ 3፦ የ40 ደቂቃው ቅደም ተከተል

1. 5 ደቂቃ፦ የመረጃ ሰሌዳውን አንብቡ። ጥያቄ ካለ መልሱ፤ አስተያየት አትስጡ።
2. 2 ደቂቃ፦ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቡና አንድ ተማሪ በራሱ አባባል እንዲደግመው አድርጉ። ካዛባው አስተካክሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዛባው «ምን የተዘጋበት» የሚለው ነው።
3. 8 ደቂቃ፦ ዝም ብለው ይጻፉ። በትከሻቸው ላይ እያነበባችሁ አትዙሩ። ሰሌዳው አጠገብ ቁሙ።
4. 7 ደቂቃ፦ ሁለት ሁለት ሆነው ይለዋወጡ። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፦ ጓደኛቸው ያላየውን አንድ ኪሳራ ፈልገው ከሥር መጻፍ። «ጎበዝ ነው»፣ «አሪፍ ነው» መጻፍ ክልክል ነው። ለጓደኛው ማሳየት ያልፈለገ ልጅ ካለ ሳትጠይቁት ተዉት።
5. 12 ደቂቃ፦ እጅ አስወጥታችሁ ምርጫዎቹን ቁጠሩ፤ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ጥቂት እጅ ካገኘው ምርጫ ጀምሩ። ብዙኃኑ ከቀደመ ጥቂቶቹ ዝም ይላሉ።
6. 6 ደቂቃ፦ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ምርጫዬን ቀይሬያለሁ (ወይም አልቀየርኩም)፤ ምክንያቱም…» ራሳችሁ ሰብስቡ። አለቃ አይሰብስብ።

ስም መጥራትና ጫጫታ አምስት ደቂቃ ከበላባችሁ ከተራ ቁጥር 5 ቀንሱ። 3ኛውና 6ኛው አይነኩም፤ ክርክሩ ቢሞቅም ልጁ ለውጡን የሚያየው ሲጽፍ ነው።

## ደረጃ 4፦ ሲበላሽ

ሁሉም አንድ ምርጫ መረጠ። ያን ምርጫ አጥፉት። «መንገዱ ተዘግቷል፤ መሰደድ አይቻልም። አሁንስ?» በሉና ሦስት ደቂቃ ስጡ።

ወረቀቱ ባዶ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚያስበውን አጥቶ አይደለም፤ መጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነው ያጣው። «____ን ብመርጥ ____ን አጣለሁ፤ ቢሆንም…» ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ጻፉለት።

«የፈጣሪ ቁጣ ነው» የሚል መልስ መጣ። አትከራከሩ፤ በክፉ ቀን የነበሩ ብዙ ሰዎችም እንዲሁ ብለዋል። «እሺ፣ ይህን ያመነው ገበሬ በማግስቱ ምን አደረገ?» ብላችሁ ወደ ምርጫው መልሱት። ጸሎት፣ ምጽዋት፣ ገዳም መጠጋትም ምርጫዎች ናቸውና ሰሌዳው ላይ ጨምሯቸው።

«የእነ እንትና ጥፋት ነው» ተጀመረ። አዲስ አበባ ዳር ይህ ሳይመጣ አይቀርም። ቁጣ አታሳዩ፤ ሦስት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦ የትኛው ውሳኔ? የወሰነው የትኛው ባለሥልጣን ወይም መሥሪያ ቤት ነው? መቼ? ተናጋሪው ሦስቱን መመለስ ከቻለ ጥሩ የታሪክ መልስ ነው፤ ተቀበሉት። ካልቻለ «ይህ ሰሌዳ ላይ አይገባም» ብላችሁ እለፉ። ስለ ሰባ ሰባቱ ሰፈራ ስታስተምሩ ይህን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ስለተጓጓዘበት ጉዳይ ሲነሳ ከሰፋሪም ከነባርም ወገን የሆነ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

የመሬት ካሳ ተነሣ። «ይህ ትምህርት ቤት ያረፈበት የአያቴ ማሳ ነው» የሚል ልጅ አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ እናቷ በዕጣ ባገኘችው ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። አታፍኑት፣ መወያያም አታድርጉት። «ልክ ነህ፣ ይህም የኢኮኖሚ ታሪክ ነው፤ የጀመርነውን እንጨርስ» በሉና ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ከክፍል በኋላ ልጁን ለብቻው አናግሩት። ቤተሰቡ ከፈቀደና እሱም ከፈለገ በደረጃ 5 መሠረት አያቱን ይጠይቅ። ራሳችሁ አቋም ይዛችሁ መፍረድ ከጀመራችሁ የዓመቱ ሥራ ተበላሸ።

አንድ ልጅ አለቀሰ ወይም ተነሥቶ ወጣ። «ምን ሆንሽ?» ብላችሁ በሁሉ ፊት አትጠይቁ። ጠመኔ አምጪ ብላችሁ ላኳት፤ የምትወጣበት ምክንያት ይሁናት። ጓደኛዋን አስከትሉ።

ወረቀቱ ላይ የራሱን ረሃብ ጽፎ አገኛችሁ። ከሌሎቹ ለዩት፤ መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ አይደር። በዕረፍት ሰዓት ለብቻው አግኙትና ማንበባችሁን ንገሩት፤ ከዚያ ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠይቁት። ትምህርት ቤታችሁ የምክር አገልግሎት መምህር ካለው በልጁ ፈቃድ አገናኙት። በሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ ዩኒፎርም ወይም ደብተር እንዲሰጠው አታድርጉ። እርዳታው ከደረሰ በዝምታ ይድረስ።

## ደረጃ 5፦ ሽማግሌ መጠየቅ

ይህን ከክፍሉ ትምህርት በኋላ እንጂ በፊት አታዙ። ልጁ የሚጠይቀውን ሳያውቅ ከሄደ «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል።

- የሚጠየቁት ሰው የግድ የቤተሰብ አባል አይሁኑ። የጎረቤት እማማ፣ የወፍጮ ቤቱ አባባ፣ የጥበቃው ጋሼ ሊሆኑ ይችላሉ። አያት የሌለው ወይም ሩቅ ያለ ልጅ እንዳይሸማቀቅ ይህን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።
- «ተርበው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «እማማ፣ በዚያን ጊዜ ስኳር ከየት ነበር የሚገዛው? ወረፋ የሚያዘው በስንት ሰዓት ነበር? ካርድ የሌለው ሰው ምን ያደርግ ነበር?» ይበል። ዕቃና አሠራር ሲጠየቅ ወሬው ራሱ ይፈታል።
- ዋጋ ሲነግሩት ደሞዙንም ይጠይቅ። «ጤፍ በዚህ ያህል ነበር» ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በአንድ ወር ደሞዝ ስንት ኪሎ ይገዛ ነበር የሚለው ነው የሚያወዳድረው። የዛሬውን ዋጋ ከእሁድ ገበያ ይዞ ይምጣ።
- ብር ራሱ እንደተለወጠ አስታውሱ። በመስከረም 1985 አንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ይህን ሳይዝ የሁለት ዘመን ዋጋ ጎን ለጎን የሚጽፍ ተማሪ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።
- ስም አይጻፍ፤ «የ70 ዓመት እናት፣ የቀድሞ የልደታ ነዋሪ» ይበቃል። ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠየቅ።

ሽማግሌው መናገር ካልፈለጉ ልጁ አመስግኖ ይመለስ፤ ነጥብ አይቀነስበት።

## ደረጃ 6፦ እርማት

አጭር ነው። ከአምስት ነጥብ አርሙ፦ ከሰሌዳው አንድ መረጃ ከተጠቀመ 2፣ የምርጫውን ኪሳራ ከጻፈ 2፣ በጓደኛው አስተያየት ላይ መልስ ከሰጠ 1። ለስሜት፣ ለቋንቋ ውበትና ለእጅ ጽሕፈት ነጥብ የለም። ከዚህ ነጥብ ተከታታይ ምዘና ውስጥ የምትጨምሩት ከፍ ያለ ከሆነ ልጆቹ እናንተ የምትወዱትን መልስ ማደን ይጀምራሉ፤ ዝቅ አድርጉት።

ወረቀቶቹን ከመለሳችሁ በኋላ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጠንካራ መልስ በራሳችሁ እጅ ገልብጣችሁ፣ የማን እንደሆነ ሳትናገሩ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ አንብቡ። የየካቲት 1966ን የታክሲ አድማ የምታስተምሩ ከሆነ የኮታውን መልስ ምረጡ። ነዳጅ ጨመረ፣ ሾፌሮች አቆሙ፣ መንግሥት በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ቀነሰ፤ ጥያቄውን «የቀነሰውን ማን ከፈለው?» ብላችሁ ጀምሩ።